የጠፋ ወታደር በምን ይገኛል?

ከከረን ሸንተረር እስከ ምርኮ ካምፕ፦ የካሜሮን ሃይላንደርስ ወታደሮች ዱካ

ከረን አጠገብ አንድ ድንጋያማ ሸንተረር አለ። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች «ካሜሮን ሪጅ» ይሉታል። ስሙ ከአገሬው የተገኘ አይደለም፤ በ1933 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ ሸንተረሩን ከጣሊያኖች አስለቅቆ ከያዘው የስኮትላንድ ሻለቃ የመጣ ነው። ሻለቃው የካሜሮን ሃይላንደርስ ሬጅመንት 2ኛ ሻለቃ ይባል ነበር። በሕንድ 4ኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ፣ ውኃውም ጥይቱም በሰው ትከሻ ሽቅብ እየተጋዘለት፣ ያን ሸንተረር ለሳምንታት ጠብቆ ቆየ። መጋቢት 18 ቀን ከረን ወደቀች። ወደ አስመራና ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። እኛም ታሪኩን ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ መጽሐፉን እንከድናለን።

ለእነዚያ የስኮትላንድ ልጆች ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከአሥራ አምስት ወራት በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በሊቢያ የባሕር ዳርቻ ያለችው ቶብሩክ በጀርመንና በጣሊያን ጦር እጅ ወደቀች። ከ30 ሺህ በላይ ሠራዊት ተማረከ። 2ኛው የካሜሮን ሻለቃ እጅ ስጡ የሚለው ትእዛዝ ከወጣ በኋላም እስከ ማግስቱ ድረስ ሲዋጋ ቆይቶ ነው መሣሪያውን ያስቀመጠው። ከረን ላይ የጣሊያን ወታደር የማረከ ሰው አሁን በተራው የጣሊያን ምርኮኛ ሆነ። በሰሜን ስኮትላንድ፣ በኢንቨርነስና በአካባቢዋ ላሉ እናቶችና ሚስቶች የደረሳቸው ወረቀት ግን ይህን ሁሉ አይናገርም። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የት እንዳለ አልታወቀም።»

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ከዚያ ወረቀት በኋላ ስለሆነው ነው። ሰው በጦርነት መሃል ሲጠፋ በምን ይፈለጋል? በምንስ ይገኛል? ከ80 ዓመት በላይ አልፎም የእነዚያ ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ዱካቸውን እየተከተሉ ነው። የሚከተሉበት መንገድ ደግሞ ለእኛም ቤት የሚሆን ትምህርት አለው።

አንድ ሬጅመንት፣ ሁለት ምርኮ

ካሜሮን ሃይላንደርስ እ.ኤ.አ. በ1793 የተቋቋመ፣ ወታደሮቹን በዋናነት ከሰሜን ስኮትላንድ ደጋማ ስፍራዎች የሚመለምል ሬጅመንት ነበር። በዚያ አገር ሬጅመንት እንደ ሁለተኛ ቤተሰብ ነው። አባት ባገለገለበት ልጅ ይገባል፤ ወንድም ወንድሙን ተከትሎ ይቀጠራል።

ከሬጅመንቱ ሻለቆች ውስጥ 4ኛው የተጠባባቂዎች ነበር። ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የሱቅ ሠራተኛው በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠለጥኑበት፣ ጦርነት ሲመጣ የሚጠሩበት ማለት ነው። ሰዎቹ የሚመጡት ከኢንቨርነስ ዙሪያና እንደ ስካይ፣ ዩስትና ሃሪስ ካሉት የምዕራብ ደሴቶች ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ይህ ሻለቃ ከ51ኛው የሃይላንድ ክፍለ ጦር ጋር ወደ ፈረንሳይ ተላከ።

በ1932 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ ሠራዊት ከደንከርክ በመርከብ እየተጫነ ሲያመልጥ፣ 51ኛው ክፍለ ጦር ከፈረንሳዮች ጋር ተሰልፎ ሌላ ግንባር ላይ ነበር። ወደ ባሕሩ እያፈገፈገ ሴን ቫለሪ አን ኮ ከተባለች ትንሽ የወደብ ከተማ ደረሰ። ከባሕር በኩል የሚጠበቁት መርከቦች በጭጋጉና በጠላት መድፍ ምክንያት ሊጠጉ አልቻሉም። ሰኔ 5 ቀን 1932 ዓ.ም. አዛዡ ጄኔራል ቪክቶር ፎርቹን ለጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል እጃቸውን ሰጡ። ከ10 ሺህ በላይ የክፍለ ጦሩ ወታደሮች ተማረኩ።

አንድ አካባቢ ልጆቹን በአንድ ሻለቃ ሲያሰልፍ፣ ሻለቃው ሲያዝ የየቤቱ በር በአንድ ሰሞን ይንኳኳል። የአባቱ ስም ከዚያ ስብስብ ያልጠፋ፣ የአክስቱ ልጅ ያልጎደለበት ሰው በእነዚያ ደሴቶች ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ምርኮኞቹ ከፈረንሳይ ወደ ቤልጅግና ወደ ሆላንድ በእግራቸው ተነዱ። ጉዞው ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ከምርኮ የተመለሱ ብዙዎች እንደተናገሩት፣ የፈረንሳይ ሴቶች በመንገድ ዳር ውኃ በባልዲ ያስቀምጡላቸው ነበር፤ ጠባቂዎቹ ደግሞ ባልዲውን በእግራቸው እየመቱ ይደፉታል። ከሆላንድ በጭነት ጀልባ በራይን ወንዝ፣ ከዚያም በከብት መጫኛ ባቡር ታጭቀው ወደ ጀርመንና ዛሬ ፖላንድ ወደሆነው ምድር ተወሰዱ። እንደ ቶሩንና ማልቦርክ ያሉ ከተሞች ያኔ በጀርመን እጅ ስለነበሩ በካምፖቹ መዝገብ ላይ «ቶርን» እና «ማሪየንቡርግ» በሚለው የጀርመን ስማቸው ነው የሚገኙት። ዛሬ ካርታ ይዞ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

«አልታወቀም» የምትለው ቃል

በነርስነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ለቤተሰብ መርዶ ሲነገር ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። ሞት ከባድ ነው፤ ሆኖም ሞት ሥርዓት አለው። ይለቀሳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አርባው ይወጣል። «አልታወቀም» ለሚባል ሰው ግን ምንም ሥርዓት የለም። እናት ጥቁር አትለብስ፣ እልል አትል። በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች። ይህ ነገር በአዲስ አበባም በኢንቨርነስም አንድ ነው።

ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን የታሰበ ሕግ ግን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 የተፈረመው የጦር ምርኮኞች የጄኔቫ ስምምነት፣ ማንኛውም ምርኮኛ ካምፕ በደረሰ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ መማረኩንና የጤናውን ሁኔታ የሚገልጽ ካርድ ለቤተሰቡ እንዲልክ ያዛል። ካርዱ አስቀድሞ የታተመ ነው። ምርኮኛው ስሙንና ቁጥሩን ሞልቶ «ደህና ነኝ» ወይም «ቀላል ቁስል አለብኝ» ከሚሉት አንዱን ያስቀራል፤ ሌላውን ይሰርዛል። በዚህ ላይ ማራኪው መንግሥት የምርኮኞቹን ስም ዝርዝር ለዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ይልካል። ጄኔቫ ውስጥ በምርኮኞች ማዕከላዊ ወኪል ጽሕፈት ቤት፣ ብዙዎቹ ሴቶች የሆኑ በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዱን ስም በካርድ ላይ አስፍረው ከጥያቄዎቹ ጋር ያገናኙታል። አንድ እናት የላከችው ጥያቄ በአንድ ካርድ፣ የጀርመኖቹ ዝርዝር በሌላ ካርድ ይሰፍራል፤ ሁለቱ ካርዶች ሲገናኙ አንድ ሰው ተገኘ ይባላል።

በ1932 ክረምት ግን የተማረከው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ይህ መንገድ ተጨናነቀ። ብዙ ቤተሰብ ወሬ ያገኘው ከወራት በኋላ ነው። እስከዚያ ያለው ሰው የጀርመን ራዲዮ ለፕሮፓጋንዳው ሲል በእንግሊዝኛ የሚያነበውን የምርኮኞች ስም ለመስማት ማታ ማታ ራዲዮ ሥር ይቀመጥ ነበር። የጠላት ራዲዮ መሆኑን ያውቃሉ፤ የልጃቸውን ስም ሊጠራ የሚችለው ግን እሱ ነው።

ሌላም መንገድ ነበር፤ እኔን ከሁሉ የሚነካኝ እሱ ነው። የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የቁስለኞችና የጠፉ ሰዎች ክፍል አቋቁሞ ነበር። «ፈላጊ» የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች የጠፉትን ስም ዝርዝር ይዘው በየሆስፒታሉ ይዞራሉ። ከአልጋ አልጋ እየሄዱ ቁስለኛውን «እገሌን መጨረሻ ያየኸው የት ነው? ቆስሎ ነበር? በእግሩ ይሄድ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። የተነገራቸውን እንዳለ ይጽፋሉ። ዋርድ ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ቁስለኛ ሰው ስለራሱ ሕመም ከመናገሩ በፊት ስለ ጓደኛው ያወራል። ያን ወሬ የሚጽፍ ሰው ካለ፣ በሩቅ አገር ያለች አንዲት እናት እንቅልፍ ታገኛለች።

ስም ብቻውን አይበቃም

በካሜሮን ሻለቃ ውስጥ «ማክዶናልድ!» ብሎ የሚጣራ አለቃ መልስ የሚያገኘው ከብዙ አፍ ነው። በደጋማው ስኮትላንድ የጎሳ ስም የቤተሰብ ስም ስለሆነ ማክዶናልድ፣ ማክሊዮድ፣ ካሜሮን፣ ፍሬዘር የሚባሉት አያሌ ናቸው። የመጠሪያ ስማቸውም ጆን፣ ዶናልድ፣ አሌክሳንደር እያለ ይደጋገማል። ስለዚህ በእነዚህ ሬጅመንቶች ወታደሩን በአገልግሎት ቁጥሩ የመጨረሻ አሃዞች ለይቶ መጥራት የተለመደ ነበር።

እኛ ይህ አይጠፋንም። «ከበደ ተሰማ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ስንት ከበደ ተሰማ እንደሚያገኝ አስቡት። የአያት ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ ዕድሜ ካልተጨመረ ፍለጋው ወዴትም አይሄድም።

ለዚህ ነው የአገልግሎት ቁጥሩ ከስሙ የሚበልጠው። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1920 ለእያንዳንዱ ሬጅመንት የራሱን የቁጥር ክልል መድቦ ነበር። ለካሜሮን ሃይላንደርስ የተሰጠው ከ2921001 እስከ 2966000 ያለው ነው። ወታደሩ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ቢዛወርም ቁጥሩ አይቀየርም። ስለዚህ አንዲት የልጅ ልጅ ከአያቷ ሣጥን ውስጥ በ293 የሚጀምር ባለ ሰባት አሃዝ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ብታገኝ፣ ሌላ ምንም ሳይነገራት አያቷ በመጀመሪያ የተቀጠሩት በካሜሮን እንደሆነ ትረዳለች። መኮንኖች ግን የተለየ አሰጣጥ ስለነበራቸው ይህ ለእነሱ አይሠራም።

ምርኮኛው ካምፕ ሲገባ ሁለተኛ ቁጥር ይሰጠዋል። ጀርመኖች ቁጥሩን ከካምፑ ስም ጋር በአንገት በሚንጠለጠል ብረት ላይ ይቀርጹታል። ብረቱ መሃሉ የተበሳሳ ነው፤ ሰውየው ቢሞት ለሁለት ተሰብሮ አንዱ ከአስከሬኑ ጋር ይቀራል፣ ሌላው ወደ መዝገብ ይሄዳል። እዚህ ላይ ፈላጊ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የምርኮ ቁጥር ከካምፑ ስም ተነጥሎ ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ ካምፕ ቁጥሩን ከራሱ ስለሚጀምር 10452 የሚባል ሰው በአንዱም በሌላውም ካምፕ ሊኖር ይችላል። ወታደሩ ካምፕ ቢቀይር ደግሞ የመጀመሪያውን ካምፕ ቁጥር ይዞ ነው የሚሄደው።

የአጻጻፍም ነገር አለ። አንዱ ጸሐፊ ስሙን «ማክ» ብሎ ሲያረዝመው ሌላው በሁለት ፊደል ያሳጥረዋል። በዚህ ላይ የጀርመን ጸሐፊ በሰማው ይጽፋል። ደህና ፈላጊ ስሙን ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ ይሞክራል።

ካርዱ የሚናገረው

ከጦርነቱ በኋላ የተማረኩት የጀርመን መዛግብት ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ዛሬ ለንደን ውስጥ ኪው በሚባለው ስፍራ ባለው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የብዙ ሺህ ምርኮኞች ካርድ «ደብልዩ ኦ 416» በሚባለው የመዝገብ ክፍል ተቀምጧል። ካርዱ የወታደሩን ስም፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፣ የሰላም ጊዜ ሥራውን፣ የተማረከበትን ቀን፣ የቅርብ ዘመዱን አድራሻና የእናቱን የልጅነት ስም ይጠይቃል። አንዳንዱ ላይ ፎቶግራፍና የጣት አሻራ አለ።

ነርስ የሆነ ሰው ዓይን ግን የሚያርፈው በሌላው በኩል ነው። የክትባት ሠንጠረዥ አለ፤ ለፈንጣጣ መቼ ተከተበ፣ ለታይፎይድ መቼ። የሕመም ዓምድ አለ፤ የትኛው ሆስፒታል መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ። የታማሚ ካርድ ለሚያነብ ሰው እነዚህ ሁለት መስመሮች አንድ ገጽ ታሪክ ናቸው። በክረምት ወር ለሳምንታት ተኝቶ የወጣ ሰው ያ ክረምት ምን እንዳደረገው ይገባችኋል። ልጆቹ ለዓመታት «አባባ ደረቱ ለምን እንዲህ ሆነ?» ሲሉ የኖሩት ጥያቄ መልሱ እዚያ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።

ከካርዱ የሚነበበው ትልቁ ነገር ግን የሥራ ምድቡ ነው። ተራ ወታደሮች የሚያዙበትን ዋና ካምፕ ጀርመኖች «ስታላግ»፣ የመኮንኖቹን «ኦፍላግ» ይሉታል። መኮንን ሥራ አይገደድም። ተራው ወታደር ግን ከዋናው ካምፕ ወጥቶ ወደ እርሻ፣ ወደ ስኳር ፋብሪካ፣ ወደ ጫካ ወይም ወደ ድንጋይ ከሰል ማዕድን ይላካል። ስለዚህ መዝገቡ «ስታላግ 20 ቢ፣ ማሪየንቡርግ» ቢልም፣ ሰውየው አምስቱን ዓመት ያሳለፈው ከዚያ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሃያ ጓደኞቹ ጋር በአንድ ገበሬ ጎተራ ሊሆን ይችላል። በማዕድን የነበረና በእርሻ የነበረ ሰው ሆዱም ሳንባውም አንድ ዓይነት ሆኖ አይመለስም።

ሆዱን ያቆመለት የቀይ መስቀል ጥቅል ነው። አንዱ ጥቅል 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ሻይ፣ የታሸገ ወተት፣ ብስኩት፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ቸኮሌት፣ ሳሙና ይኖረዋል። ከእንግሊዝ ብቻ በጦርነቱ ዘመን ከ20 ሚሊዮን በላይ ጥቅል ተልኳል። ተራው ምርኮኛ በወር ሁለት ደብዳቤና አራት ፖስት ካርድ እንዲጽፍ ይፈቀድለት ነበር። በየቤቱ የተቀመጡት እነዚያ ደብዳቤዎች ይዘታቸው «ደህና ነኝ፣ ካልሲ ላኩልኝ» ቢሆንም፣ ጀርባቸው ላይ ያለው የካምፕ ማኅተምና ቁጥር ለፈላጊ ወርቅ ነው።

የጣሊያኑ ዱካ

በቶብሩክ የተያዙት የ2ኛው ሻለቃ ሰዎች ዱካ ከዚህ ይለያል። በሰሜን አፍሪካ ጣሊያን ካቆመቻቸው ጊዜያዊ ማጎሪያዎች በመርከብ ሜዲትራኒያንን እየተሻገሩ ወደ ጣሊያን ተወሰዱ። የጣሊያን ካምፖች «ፒ.ጂ.» በሚሉ ፊደላትና በቁጥር ይታወቃሉ፤ ሱልሞና 78፣ ሰርቪሊያኖ 59 ነበር።

የባሕሩ ጉዞ ራሱ የብዙ ሰው ዱካ የተቆረጠበት ነው። ኅዳር 5 ቀን 1935 ዓ.ም. «ሺሊን» የተባለች የጣሊያን መርከብ ከ800 በላይ ምርኮኞች ጭና ከትሪፖሊ ስትመጣ፣ ምርኮኞች መያዟን ያላወቀ የእንግሊዝ ባሕር ሰርጓጅ መታት። ከምርኮኞቹ የተረፉት ሰላሳ አይሞሉም። የመቷት ወገኖች መሆናቸውን መንግሥት ለቤተሰቦቹ ሳይናገር አሥርት ዓመታት አለፉ፤ እውነቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ልጆቻቸው በጣሊያን ካምፕ እንደሞቱ አምነው የሞቱ ወላጆች ነበሩ።

ጳጉሜን 3 ቀን 1935 ዓ.ም. ጣሊያን ከጦርነቱ መውጣቷ ሲታወጅ በአገሪቱ 80 ሺህ ገደማ የተባባሪ አገሮች ምርኮኞች ነበሩ። ጠባቂው ጥሎ ሲሄድ በሺህ የሚቆጠሩት በተከፈተው በር ወጥተው ወደ ተራራ ሄዱ። አብዛኞቹ ግን በጀርመኖች ተይዘው በባቡር ወደ ሰሜን ተጓዙ። ስለዚህ አንድ ሰው በ1935 በጣሊያን መዝገብ፣ በ1936 በጀርመን መዝገብ ሊገኝ ይችላል። በመካከሉ ደግሞ ምንም ወረቀት የሌለው የወራት ክፍተት ሊኖር ይችላል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ብዙዎችን በጎተራቸው ደብቀው ያበሏቸው ድሃ የጣሊያን ገበሬዎች ናቸው፤ በእንግድነት የተቀበሉት ሰው ቢገኝ ቤታቸው እንደሚቃጠል እያወቁ። ከጦርነቱ በኋላ ተባባሪዎቹ እነዚህን ገበሬዎች ለይቶ የሚያመሰግንና የሚክስ ኮሚሽን አቋቋሙ። የገበሬዎቹም ስም፣ የደበቋቸውም ሰዎች ስም በዚያ መዝገብ ውስጥ ይገኛል።

መመለስና ዝምታ

በጠና የቆሰሉና የታመሙ ከጦርነቱ ማብቃት በፊት የሚመለሱበት መንገድ ነበር። ሁለት የገለልተኛ አገር ሐኪሞችና አንድ የማራኪው አገር ሐኪም ያሉበት ቅይጥ የሕክምና ኮሚሽን ካምፖቹን እየዞረ ይመረምራል። ኮሚሽኑ ያሳለፋቸው ሰዎች በጥቅምት 1936 ዓ.ም. በስዊድን የጎተንበርግ ወደብ በኩል በልዋጭ ወደ አገራቸው ገቡ። እነሱም ለቤተሰቦች የቁም ጋዜጣ ሆኑ፤ «ልጅሽን አይቼዋለሁ፣ በሕይወት አለ» የሚል የመጀመሪያው የሰው ድምፅ ከእነሱ ነው የተሰማው።

የቀሩት በጥር 1937 ዓ.ም. የሶቪየት ጦር ከምሥራቅ ሲቃረብ ከካምፖቹ ተነቅለው በበረዶ ላይ ወደ ምዕራብ ተነዱ። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወርድ ነበር። ጉዞው ለብዙዎቹ እስከ ሚያዝያ ቀጠለ። ተቅማጥና በብርድ የደረቀ የእግር ጣት በየመንገዱ ሰው ጣለ። በመንገድ ዳር የተቀበሩት በኋላ ተነስተው ወደ ትልልቅ የጦር መካነ መቃብሮች ስለተዛወሩ፣ የመቃብሩ ቦታና የሞቱበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

የተረፉት አገራቸው ሲገቡ ያየ ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ አለቀ» አለ። ሐኪሞች ግን ሌላ ነገር አዩ። የተራበ ሆድ ድንገት ቅባት ሲበዛበት ይታመማል፤ ለዓመታት የታጠረ አእምሮም በአንድ ቀን አይከፈትም። «የሽቦ አጥር በሽታ» የሚለውን ስም አንድ የስዊዘርላንድ ሐኪም ያወጣለት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው፤ መነጫነጭ፣ መርሳት፣ ከሰው መሸሽ፣ እንቅልፍ ማጣት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ተመላሾቹ በፈቃዳቸው ገብተው ከሲቪል ኑሮ ጋር የሚላመዱባቸውን ማዕከላት ከፈተች።

ሆኖም አብዛኛው ሰው ቤቱ ገብቶ ዝም አለ። «አምስት ዓመት ድንች ስቆፍር ነበር» ብሎ የሚያልፍ፣ እንጀራ እንደምንለው ሁሉ ዳቦ ሲጣል ካየ የሚቆጣ፣ ሰልፍ የማይወድ አባት ሆኖ አረጀ። ልጆቹ ጠባዩን አወቁ፤ ምክንያቱን አላወቁም። ዛሬ መዝገብ የሚያገላብጡት ብዙዎቹ የሚፈልጉት መቃብር ሳይሆን የዚያን ዝምታ ምክንያት ነው።

ፍለጋው ከየት ይጀመራል?

የካሜሮን ምርኮኛ ቤተሰብ የሆነ ሰው ዛሬ የሚሄድበት መንገድ በአጭሩ ይህን ይመስላል።

• ከቤት ይጀምራል። ደብዳቤ፣ ፖስት ካርድ፣ የደመወዝ ደብተር፣ ከፎቶግራፍ ጀርባ የተጻፈ ነገር ሁሉ ይሰበሰባል። የአገልግሎት ቁጥር፣ የምርኮ ቁጥርና የካምፕ ስም ለየብቻ ይመዘገባሉ።

• የአገልግሎት ማኅደሩን ይጠይቃል። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ወታደሮች ማኅደር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ እያዛወረ ነው።

• በኪው የጀርመኖቹን ካርድ፣ የታተሙትን የምርኮኞች ስም ዝርዝሮችና ነፃ ሲወጡ የሞሉትን መጠይቅ ይፈልጋል። መጠይቁ ብዙ ጊዜ በሰውየው በራሱ እጅ የተጻፈ ነው፤ የነበረበትን ካምፕ ከነቀኑ፣ የሥራ ምድቡን፣ ሕመሙን፣ ለማምለጥ ሞክሮ እንደሆነ ይጠይቃል። ሁሉም ሰው ግን አልሞላውም።

• ለዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጄኔቫ ይጽፋል።

• ሞቶ ከሆነ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽንን መዝገብ ያያል። ኮሚሽኑ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የሞቱ 1.7 ሚሊዮን ሰዎችን ይዘክራል። ከረን ያለው የጦር መካነ መቃብር የሚጠበቀውም በእሱ ነው።

• ሬጅመንቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ከሌላ ሬጅመንት ጋር ተዋሕዶ ስሙ ቢቀየርም፣ በኢንቨርነስ አቅራቢያ በፎርት ጆርጅ ምሽግ ያለው የሃይላንደርስ ሙዚየም ቅርሱን ይዟል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ቀላል ሥራ አለ፦ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ መጠየቅ። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብሎ ሳይሆን «ጫማችሁ ምን ዓይነት ነበር? ቁርስ ምን ትበሉ ነበር? አጠገብህ የሚተኛው ማን ነበር?» ብሎ። ከታማሚ ጋር ስትነጋገሩ እንደምታውቁት፣ ሰፊ ጥያቄ አፍ ይዘጋል፤ ትንሽ ጥያቄ ይከፍታል። አጠገቡ የሚተኛው ሰው ስም ከታወቀ ደግሞ በዚያ ሰው መዝገብ በኩል የእሱም ይገኛል።

የእኛም ቤት

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ሰው ወሬ እንዳይመስላችሁ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ወደ ጣሊያን የተጋዙ፣ በአዚናራ ደሴት የታሰሩ አያቶች ያሉት ቤተሰብ በመካከላችን አለ። በሶማሊያ ጦርነት ተማርከው ከአሥር ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ በ1980 ዓ.ም. የተመለሱ ወታደሮች አሉ። ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የተማረከ ልጃቸውን ድምፅ የሰሙት በቀይ መስቀል መልእክት የሆኑ እናቶች አሉ። ያ መልእክት የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት፣ ሳይታሸግ የሚላክ አንድ ወረቀት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም እስካሁን የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል።

የእኛ ፈላጊ ከስኮትላንዱ ይልቅ ሁለት ተጨማሪ እንቅፋት አለበት። አንደኛው የቀን አቆጣጠር ነው፤ የውጭ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው «ሰኔ 1934» ያለውን ወደ እ.ኤ.አ. 1942 ካልመለሰ ሰውየውን ከስምንት ዓመት በፊት ይፈልገዋል። ሁለተኛው የስማችን አጻጻፍ ነው። ኃይሉ፣ ፀሐይ፣ ጽጌ የሚሉትን ስሞች የውጭ ጸሐፊ በስንት ዓይነት እንደሚጽፋቸው ፓስፖርት ያወጣ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ ሽማግሌ ጋር ቡና ስትጠጡ ደብተር አምጡ። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የተወለዱበት ቦታ፣ የነበሩበት ጦር ክፍል፣ መለያ ቁጥር፣ የታወቀ ቁስል፣ የጓደኛ ስም። ከስድስት መስመር አይበልጥም። ከጻፋችሁ በኋላ አንዱን ቅጂ በቤት አስቀምጡ፤ ሌላውን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ። የካሜሮኖቹን ልጆች ከ80 ዓመት በኋላ አባቶቻቸው ዘንድ ያደረሳቸው አንድ ጸሐፊ በሰባት አሃዝ ቁጥር የሞላት አንዲት ካርድ ናት።